ማንም የማይገባበት መናኸሪያ

ወደ ሰሜን ወሎ የሚሄድ ሰው ተራራ አይቶ፣ ዘፈን ሰምቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እኔ ስድስት ቀን ሰንብቼ በደንብ አይቼው የተመለስኩት ነገር ሽንት ቤት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የመልክዓ ምድር ውበት ሊያነብ የተቀመጠ ሰው ካለ ጊዜውን እንዳያባክን ብዬ ነው።

ሥራዬ የሕዝብ ማመላለሻ ግንባታዎችን መምራት ነው። መናኸሪያም ሆነ የተሳፋሪ መጠለያ ዲዛይኑ ከጸደቀበት ቀን አንስቶ ርክክብ እስኪፈረም ድረስ የሚወቀሰው ሰው እኔ ነኝ። ስሜ ሰናይት ነው። መሥሪያ ቤት “ኢንጂነር” ይሉኛል፤ እናቴ ግን እስከ ዛሬ ለጎረቤት የምታወራው “መንገድ ላይ ነው የምትሠራው” እያለች ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚረዳው ግድ የላትም።

በመርሳ ከተማ ዳርቻ ያሠራነው ትንሽ መናኸሪያ ካለቀ ወራት አልፈውት አንድ ተሳፋሪ አልገባበትም። መኪኖቹ አሁንም አስፋልት ዳር ቆመው ይጭናሉ። አለቃዬ ይህን “የግንዛቤ እጥረት” ብሎ ሰየመውና ሁለት ነገር ሰጠኝ። አንዱ ባነር ነው፤ “መናኸሪያችንን በመጠቀም ሥልጣኔያችንን እናሳይ!” ይላል። ሁለተኛው ፖስታ ነው፤ ውስጡ የእገዳ ደብዳቤ አለ። የሚታገደው እንድሪስ ነው፤ መርሳ ተወልዶ ያደገ፣ ግንባታውን ቦታው ላይ ሆኖ የተቆጣጠረልኝ መሐንዲስ። ጥፋቱ “በማኅበረሰቡ ዘንድ ግንዛቤ አለመፍጠር” ይላል። የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው።

“ሕዝቡ ከገባ ቅደጂው። ካልገባ ፈርመሽ ስጪውና ነይ” አለኝ አለቃዬ፣ ቡና እንደሚያዝ ሰው ቅልል ብሎት። እኔም የሰውየውን እንጀራ ከባነሩ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተነሳሁ።

አንደኛው ቀን

የመሥሪያ ቤቱ መኪና ጋራዥ ነበረች። መቼ እንደገባች የሚያስታውስ ሰው ስላልተገኘ በአውቶቡስ ሄድኩ። እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት መናኸሪያ ሳሠራ ከአዲስ አበባ ወጥቼ በሕዝብ አውቶቡስ የተጓዝኩት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ልክ ወጥ ቀምሶ እንደማያውቅ ወጥ ሠሪ ማለት ነው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ጣርማበር ላይ ጉም ውጦን፣ ሹፌሩም ጉሙ ውስጥ ሆኖ በስልክ ስለ አንድ በሬ ሲከራከር፣ ሰው ሁሉ በየእምነቱ ሲጸልይ አለፍን። እኔ የጸለይኩት ግን ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ የጠጣሁት ሁለት ብርጭቆ ሻይ መውጫ እየፈለገ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን አንዱ ካፌ ገብቶ ውሃ አዝዞ ሹልክ ማለት ይቻላል። እዚህ ካፌው ተራራ ነው።

ከደብረ ሲና ወረድ ብለን አውቶቡሱ ጥግ ያዘና ረዳቱ “ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ!” ብሎ ጮኸ። በግራ ቁጥቋጦ አለ። በቀኝ የታረሰ ማሳ ነው፤ የሰው ጉልበት የሚከልል ነገር የለም። ወርጄ እንደ ሐውልት ቆምኩ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ነጠላዋን ዘርግታ “ነይ የኔ እናት፣ ቶሎ በይ” አለችኝ። ከዚያ እኔ ዘረጋሁላት። ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ መምህር ነኝ አልኳት። በሙያዬ ያፈርኩበት የመጀመሪያ ቀን ይህ ነበር፤ በሳምንቱ ውስጥ ሌላም መጣ።

ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ጃኬቴን አስወለቀኝ፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ብርዱ መልሶ አስለበሰኝ። ደሴ ያረፍኩበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይዋን “ሙቅ ውሃ አለ?” ብዬ ብጠይቃት “ነበረ” አለችኝ። እንዲህ ያለ ቅን መልስ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴልም አይገኝም። በቀዝቃዛው ታጥቤ ተኛሁ።

ሁለተኛው ቀን

ከደሴ ወደ መርሳ የሄድኩት በቅጥቅጥ ነው። ይህች መኪና ስሟን በትክክል አግኝታለች። አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ከድጃ የሚባሉ የመርሳ ልብስ ነጋዴ ናቸው፤ ጭናቸው ላይ አንድ ትልቅ ጥቅል፣ እግራቸው ስር ሌላ፣ የእኔ እግር ስር ደግሞ ሦስተኛ አስቀምጠዋል። ሐይቅን ሳናልፍ የትውልድ መንደሬን፣ የባሌን ሥራና የልጆቼን ቁጥር አውቀው ጨረሱ።

“ለምን ጉዳይ ነው መርሳ የምትሄጂው፣ እቱ?”

“ለአዲሱ መናኸሪያ ነው። የሠራነው እኛ ነን።” መምህርነቱ ውጫሌ አካባቢ አለቀብኝ።

“ማሻአላህ!” አሉ ከድጃ። “ወላሂ ሲያምር! እንዲያ ያለ ደሴም የለ።”

“ታዲያ ለምን አይገቡበትም?”

“እንገባለን እንጂ፣ ኢንሻአላህ” አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የመንገዱ ጉድጓድ መስሎኝ ነበር።

ውርጌሳን አልፈን መርሳ ስንደርስ ቅጥቅጡ በአዲሱ መናኸሪያ በር ላይ ቀጥ ብሎ አለፈና ትንሽ ወረድ ብሎ አስፋልት ላይ አራገፈን። እንድሪስ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ረጅም፣ ዝግተኛ፣ ሰላምታው ብቻ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሰው ነው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ አዲስ አበባ ዝናብ፣ ስለ አለቃዬ ጤናም ሳይቀር ጠየቀኝ። ስለ አለቃዬ ሲጠይቅ ፖስታው ቦርሳዬ ውስጥ የከበደኝ መሰለኝ።

መናኸሪያው ያምራል። ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ በእውነት ያምራል። የድንጋይ ንጣፉ ቀጥ ያለ፣ አጥሩ የተቀባ፣ ከጀርባው ረድፍ የያዘ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ሽንት ቤት፣ ውሃም ያለው። ውስጡ የነበሩት ተገልጋዮች አራት ፍየሎች ናቸው። አንዷ “የተሳፋሪ መግቢያ” ከሚለው ጽሑፍ ስር ተኝታ ታመሰኳለች።

ከሰዓቱን ሙሉ ሰው ስጠይቅ ዋልኩ። ተራ አስከባሪውን ጠየቅኩ፤ “ቆንጆ ነው፣ ምን ይወጣለታል” አለኝ። ፓፓያ የምትሸጠዋን ጠየቅኩ፤ “አልሐምዱሊላህ፣ ከተማችን አማረባት” አለችኝ፤ አንድ ፓፓያም አስይዛ ሰደደችኝ። አንድ ክርስቲያን ሹፌር ጠየቅኩ፤ አንገቱን ደፍቶ “መልካም ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ” አለ። አዲስ አበባ ላይ መጠለያ ሠርተን ስናስረክብ ሰው ስድቡን የሚጀምረው ከእናት ነው፤ ቢያንስ ምን እንዳልተመቸው ታውቃለህ። መርሳ ላይ በምስጋና ብዛት ልፈነዳ ደረስኩ።

ሆቴል ይዤ ሻንጣዬን ሳልፈታ እትዬ ከድጃ በር ላይ መጡ።

“አብረን የመጣን እንግዳ ሆቴል ያድራል እንዴ? ነውር እኮ ነው! ነይ፣ ተነሽ።”

እምቢ ብዬ አየሁ። ሻንጣውን ተሸክመው ሄዱ፤ እኔም ሻንጣዬን ተከትዬ ሄድኩ። ቤታቸው ስንደርስ ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ጠርተው ዶሮ አሳረዱልኝ፤ እሳቸው ያረዱትን እኔ እንደማልበላ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ድስቱንም ከጎረቤት ተውሰው ወጡን ለብቻው ሠሩልኝ፤ እሳቸው በእርጎና በማሽላ እንጀራ እያጫወቱኝ በሉ። አዲስ አበባ ከአንድ ፎቅ ጎረቤቴ ጋር ስምንት ዓመት ኖሬ የምንተዋወቀው ውሃ ሲጠፋ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ተነስቼ የከድጃ ግቢ ጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት ሄድኩ። ንጹሕ ነው፤ በር አለው፤ ግን መቀመጫው ጠማማ ነው። መቀመጫ ስል ወንበር እንዳይመስላችሁ፣ ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ግድግዳዎቹ ቀጥ ብለው ቆመው ሳለ መርገጫው ወደ ጎን ዞሮ አንዱ ጥግ ላይ አፍጥጧል። አንድ ክፍል እንዲህ ሲጣመም ዝም ማለት አልችልም፤ የሙያ በሽታ ነው። ስወጣ እትዬ ከድጃ ውሃ ይዘው ቆመዋል።

“እትዬ ከድጃ፣ ይህን የሠራልዎ ግንበኛ ምን ነካው? አጣሞብዎታል እኮ።”

ውሃውን ለቀቁትና ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቅጥቅጡ ውስጥ የጀመረው የትከሻ መንቀጥቀጥ አሁን ገባኝ።

“የእኔማ ቀጥ ያለ ነው፣ ልጄ” አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። “ጠማማው ያንቺ ነው! ቂብላ የት ነው? ወዲያ አይደል፣ በወልድያ በኩል? ሰው ሊሰግድ ለሚዞርበት አቅጣጫ ፊቱንም ጀርባውንም ሰጥቶ ይጸዳዳል እንዴ? ያንቺ አሥራ ሁለቱም ቀጥ ብለው ወደዚያው ነው የሚያዩት። መቼስ ሰው ገብቶ ምን ይሁን? ወንዱ ሜዳ ይሄዳል። ሴቷ ግን ሽንት ቤት በሌለበት ምን ቁርጥ አድርጓት ሁለት ሰዓት መኪና ትጠብቃለች? እቤቷ ሆና ትጠብቅና መኪናው ሲመጣ አስፋልት ላይ ትወጣለች። ሴቷ ካልገባች ሹፌሩ ማንን ብሎ ይገባል?”

“ክርስቲያኖቹስ?”

“እነሱማ ለእኛ ብለው ነው። ጎረቤቴ ያፈረበት ቤት እንዴት ብዬ እገባለሁ ይላሉ።”

“ታዲያ ለምን ማንም አልነገረኝም?”

“እንግዳ ሆነሽ፣ ሴት ሆነሽ፣ እንዲያ ለፍተሽ ሠርተሽ! ‘ሽንት ቤትሽ ተበላሽቷል’ ተብሎ ፊት ለፊት ይነገራል?”

ወደ ክፍሌ ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ስዕል ላይ አሥራ ሁለቱም መቀመጫዎች ምሥራቅ ነበር የሚያዩት። በመጨረሻው ላይ ግን ሰሜን፣ ቂብላን ያያሉ። በመሐል የቁፋሮ ሥራ እንዲቀንስ ብሎ ሕንጻውን ሩብ ዙር ያዞረው ሰው ፊርማ አለ። የእኔ ፊርማ ነው።

እንድሪስ ሊወስደኝ ሲመጣ ጮህኩበት። እንዲህ ነው ሰው ሲያጠፋ፤ መጀመሪያ የሚጮኸው ባላጠፋው ላይ ነው።

“እንድሪስ፣ አንተ የዚሁ አገር ልጅ ነህ። ለምን አልነገርከኝም?”

“ነግሬዎት ነበር፣ ኢንጂነር” አለ ቀስ ብሎ። ስልኩን አወጣና ሦስት ደብዳቤ አሳየኝ። የመጀመሪያው “የመጸዳጃ ቤቱ አቀማመጥ ከአካባቢው ባህል አንጻር ጊዜ ሲገኝ ቢታይ መልካም ነው” ይላል። ሁለተኛው ክፍሎቹን አስፍቶ መቀመጫውን በጎን የማድረግ ሐሳብ ይዞ “ለአየር ዝውውርም ጭምር” የሚል ጨምሯል፤ ለሃይማኖት ያልሰማችው ለሽታ ትሰማ ይሆናል ብሎ ነው። ሦስተኛው ስለ ጤናዬ ጠይቆ፣ በዓሉን እንኳን አደረሰዎት ብሎ፣ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያንኑ ይላል። ለሦስቱም አንድ መልስ ሰጥቻለሁ፤ “ዲዛይኑ ጸድቋል፤ ወደ ሥራ ግቡ።” ያን ስጽፍ የት እንደነበርኩ እንኳ አላስታውስም። ምናልባት ስብሰባ ላይ ሆኜ ይሆናል፤ ምናልባትም ምሳ ላይ።

በዚያው ቀን ወልድያ፣ ዞን ቢሮ ቀጠሮ ስለነበረን ሄድን። ሲሪንቃ ላይ የእርሻ ምርምሩን ማሳዎች ስናልፍ እንድሪስ በመስኮት እያየ “እዚህ አዲስ ዘር ሲመጣ መጀመሪያ በትንሽ መሬት ይሞክሩታል፤ ገበሬውንም ጠርተው ያሳዩታል” አለ። የእሱ ስድብ ይህን ያህል ነው። ቀና ብዬ አላየሁትም።

የዞኑ ኃላፊ ደግ ሰው ናቸው። ሻይ አስመጡልን፤ ወደ ሐራ ወርጄ የባቡር ጣቢያውን ሳላይ እንዳልመለስ መከሩኝ። መናኸሪያውን ስናነሳ ግን “የግንዛቤ እጥረት ነው” አሉ። እኔ “እጥረቱ የእኔ ነው” ለማለት አፌን ከፍቼ ሻይ ጠጣሁበት።

ግቢው ውስጥ እንድሪስ ሳይሰማ ለአለቃዬ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። “ይቀየር፤ ‘ቴክኒካል ማሻሻያ’ በይው” አለኝ። “ግን ለሚፈርሰው ነገር ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ያስፈልጋል። እንድሪስ ቦታው ላይ ነበር አይደል? ደብዳቤውን ፈርሚበት፤ ለሦስት ወር ነው፣ አይሞትም።”

እሺም እምቢም ሳልለው ዘጋሁ። ጀግና ብሆን ኖሮ እዚህ ላይ ጀግንነቴን እጽፍ ነበር። ፈራሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበትን ስም በአንድ ረድፍ ሽንት ቤት ላጣው ነው ብዬ ፈራሁ። ወደ መርሳ ስንመለስ እንድሪስ መንገድ ላይ ብርቱካን ገዝቶ፣ ልጦ ሰጠኝ። በላሁ። በጣም ጣፋጭ ነበር፤ ያ ደግሞ አባሰብኝ።

አራተኛው ቀን

እትዬ ከድጃ ወሬውን አዳርሰውት ሰው ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ተሰበሰበ፤ ፍየሎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታ ለቀቁ። ሴቶች በአንድ በኩል፣ ወንዶች በሌላ፣ ሹፌሮች አጥሩ ላይ ተደግፈው። ከፊት ሼህ ሙሄ ተቀመጡ፤ ቀጭን፣ ሽበታም፣ ከተማው ሲጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። አዲስ አበባ ስብሰባ የሚጀመረው ፕሮጀክተር እስኪሠራ በመጠበቅ ነው። እዚህ በዱዓ ተጀመረ። ሙስሊሙ “አሚን”፣ ክርስቲያኑ “አሜን” እያለ፣ ለዝናብ፣ ለሰላም፣ ለመንገደኛ፣ “ለዚች ከሩቅ ለመጣች ልጃችንም” ተጸለየ። ባነሩን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።

ሼህ ሙሄ በቀጥታ ነገሩ ውስጥ ገቡ። ሌላው ሁሉ ያፈረበትን እሳቸው ዕድሜያቸው ፈቅዶላቸዋል።

“የሽንት ቤቱን ነገር ሰምተሻል አሉ። አልሐምዱሊላህ፣ እኛም ከአፍረት ወጣን። አሁን ልናውቀው የምንሻው አንድ ነገር ነው። ይህን ወደ ቂብላ ያዞረው ማነው? ጥፋት ባለቤት ካላገኘ አይነሳም።”

የሰው ዓይን ቀስ በቀስ እንድሪስ ላይ አረፈ፤ የአገር ልጅ፣ ሙስሊም፣ ጠዋት ማታ እዚህ ግቢ ውስጥ ሲመላለስ የነበረ። እንድሪስ ወደ እኔ አላየም። ተነሳና “እኔ ነኝ፣ ሼህ። ቦታው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ” አለ።

እኔ እንግዳዋ እንዳላፍር ብሎ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቅ፣ ሰው ፊት ራሱን አሳልፎ ሰጠልኝ። ከኋላ አንዲት አሮጊት “ወይኔ፣ የእኛው ልጅ!” ስትል ሰማሁ። እሱም ሰምቷል፤ ጆሮው ቀላ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ስናገር ብቻ ራሴን ሰማሁት።

“አይደለም! ያዞርኩት እኔ ነኝ። ቁፋሮ እንዲቀንስ ብዬ አዲስ አበባ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው ያዞርኩት። እንድሪስ ሦስት ጊዜ ጽፎልኛል፤ ሦስት ጊዜም ዝም በል ብዬዋለሁ። ይህም አለ።” ፖስታውን አወጣሁ። “የእሱ እገዳ ነው። እንድፈርምበት ነው የተሰጠኝ። ትናንት ጠዋት እውነቱን አውቄ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር።”

እንድሪስ ፖስታውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ብርቱካን ልጦ የሰጠኝ ትናንት ነው። እሱም ያንን ሲያስብ ፊቱ ላይ አየሁት።

“ልጄ” አሉ ሼህ ሙሄ፣ “እኛን ያስቸገርሽው ቀላል ነው፤ ግድግዳ ነው። ከእሱ ጋር ያለሽ ግን ሌላ ነው። አፉ በለኝ በይው።”

አፉ በለኝ ማለት በወሎ ይቅር በለኝ ማለት ነው። ኢሜይል አይሆንም፤ ቃለ ጉባኤ አይሆንም፤ ሰው ፊት፣ በአፍ፣ ዓይን ለዓይን ነው። ዞርኩና “እንድሪስ፣ አፉ በለኝ” አልኩት።

ይህ ሰው ለሁሉም ነገር ፈጣን ደግነት ያለው ነው፤ ያን ጊዜ ግን አሰበበት። አሰበበትና ተናደደ፤ ተናደደና ዋጠው።

“አፉ ብያለሁ” አለ በመጨረሻ።

“እኛም አፉ ብለናል። አላህም ለሁላችንም አፉ ይበለን” አሉ ሼህ ሙሄ። ወዲያውም ድምፃቸውን ለውጠው “እንግዲህ ግንበኛ ጥሩ፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ብዙ አልጠብቅም” አሉ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አጥሩ ላይ ከተደገፉት ሹፌሮች አንዱ እስኪንበረከክ ሳቀ።

አምስተኛው ቀን

መቀመጫዎቹን ባሉበት ማዞር አይቻልም፤ ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው። እንድሪስ መፍትሔውን ከነገረኝ ሰባት ወር ሆኖታል፤ ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ አለ። በየሁለት ክፍል መሐል ያለውን ግድግዳ አፍርሶ፣ ሁለቱን አንድ ሰፊ ክፍል አድርጎ፣ በውስጡ አንድ መቀመጫ በጎን ማስቀመጥ። አሥራ ሁለቱ ስድስት ይሆናሉ። በወረቀት ላይ አቅሙ በግማሽ ቀነሰ ይባላል። ከዜሮ ግን ስድስት ይበልጣል።

ግንበኛው ከጉባላፍቶ የመጣ ክርስቲያን ነው። መዶሻውን ከማንሳቱ በፊት ተራ አስከባሪውን ጠርቶ “ቂብላን በትክክል አሳየኝ፤ ሁለተኛ አላፈርስም” አለው። ተራ አስከባሪው እጁን ዘርግቶ እስኪጨርስ ሌሎች አራት ሰዎች መጥተው አረሙት፤ በሁለት ጣት ልዩነት ተከራከሩ። ሼህ ሙሄን ጠርተን አስፈረድን። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ተጠንቅቆ አቅጣጫ የተለካለት ግንባታ አላየሁም።

ለአለቃዬ የሚላከውን ጽሑፍ ያን ከሰዓት ፓፓያ ሻጯ አጠገብ ተቀምጬ ጻፍኩ። የእገዳውን ደብዳቤ አልቀደድኩትም። የእንድሪስን ስም ሰርዤ የእኔን ጻፍኩበት፤ ጥፋቱንም አስተካከልኩ፤ “ሲነገራት ባለመስማቷ” ብዬ። ፎቶ አንስቼ ላክሁት። ከሁለት ሰዓት በኋላ “አብደሻል?” የሚል አንድ ቃል መጣ።

ስድስተኛው ቀን

ከስድስቱ ክፍሎች ሦስቱ ደርቀው አለቁ። እትዬ ከድጃ ስድስት ሴቶች አስከትለው መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

“ግቢ፣ አንቺ ቅደሚ።”

“ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።”

“ባለ ጥፋቷ ትቅደም!” አሉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ብዙ ምረቃ አይቻለሁ፤ ሪባን ተይዞ፣ ባለሥልጣን መቀስ አጥቶ፣ ንግግር ረዝሞ። ይሄኛውን መናኸሪያ ግን በአካል ተገኝቼ መርቄዋለሁ፤ ዝርዝሩን ለአንባቢ ልተወው። ስወጣ ከድጃ ገቡ፣ ቀጥለው ሌሎቹ። ሲጨርሱ የተሳፋሪው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ወሬ ጀመሩ። ተራ አስከባሪው ፊሽካውን ይዞ ከአስፋልት ወደ ግቢው መጣ፤ ሰው ባለበት ተራ አለና። ከትንሽ ጊዜ በኋላ አንድ ቅጥቅጥ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ጡሩምባ ነፋ። ማንም አልተነሳም። ደግሞ ነፋ። “ግባ!” አሉት ሴቶቹ በአንድ ድምፅ። የኋላ ማርሽ አስገብቶ ገባ።

እኔም በዚያው መኪና ወደ ደሴ ተሳፈርኩ። እንድሪስ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ አስጭኖ ስለ መንገዱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ልጆቼ ሁሉን ተናግሮ ተሰናበተኝ። ስለ ደብዳቤው አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩትም። ኋላ ከቢሮ ሰማው።

ከተመለስኩ በኋላ የሦስት ወሩ እገዳ ለእኔ ሆነ። የእኔን ቦታ ለጊዜው እንድሪስ እንዲይዝ ተደረገ፤ አለቃዬ ሌላ ሰው ስለሌለው እንጂ ወዶ አይደለም። ይህን የምጽፈውም ቤቴ ተቀምጬ ነው። ባለፈው ሳምንት እንድሪስ ደወለ። ስለ ጤናዬ ጠየቀ። ስለ ልጆቼ ጠየቀ። አዲስ አበባ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። ስለ እናቴ ሲጀምር አቋረጥኩት።

“እንድሪስ፣ ምን ተበላሸ?”

በስልኩ ውስጥ የቅጥቅጥ ጡሩምባና የሴቶች ሳቅ ይሰማኛል።

“የመጠለያው ጣሪያ ውሃውን የሚያፈሰው የሴቶቹ መግቢያ ላይ ነው” አለኝ። “ስዕሉ ላይ ተሳስተዋል፣ ኢንጂነር።”

እንዲህ ብሎ በቀጥታ ሲነግረኝ የመጀመሪያው ነው። ደስ አለኝ። ዓይኔ እንባ እስኪያቀር ደስ አለኝ።

“በየት በኩል ይፍሰስ ትላለህ?” አልኩት።

“በጓሮ በኩል” አለ፤ ኢንሻአላህ እንኳ ሳይጨምርበት።